የሚያስል ሰው አይገባም

የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን ያስገባች ሴት የምታንሾካሹክ ይመስላታል እንጂ እየጮኸች ነው። ማድረቂያው ጆሮዋ ላይ ስለሚያጓራ የገዛ ድምፅዋን አትሰማውም፤ ለአንዷ ጎረቤቷ ብቻ ሹክ ያለችውን ምስጢር ሳሎኑ በሙሉ ይካፈለዋል። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝና ስንት የሰው ጉድ ሰምቻለሁ፤ ወሬ ወዳድ ሆኜ አይደለም፣ ካስክ ስላለኝ ነው። እሺ፣ ትንሽ ወሬም እወዳለሁ። ያን ቅዳሜ ጠዋትም የማስመሪያ ሚስት ፀጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ሥር እንደተቀመጠች፣ አጠገቧ ጥፍሯን ወደምትቀባው ሴት ዘንበል ብላ፣ «ሹፌሩን እኮ ከዛሬ ጀምሮ ላያስገቡት ነው፤ ለአባላት ደህንነት ሲባል!» ብላ ለቀቀችው። ማበጠሪያው እጄ ላይ ደርቆ ቀረ። ካስኩን አጥፍቼ ምን አልሽ የኔ እመቤት ብላት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ እኔ? ኧረ ምንም አለችኝ።

ማስመሪያ የምንላቸው ባሏን ነው፤ የክለባችን ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ፣ በፊታቸው «መምህር»፣ ከኋላቸው «ማስመሪያ»። ክለባችን የኪሮሽ ክለብ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ክርና ኪሮሻችንን ይዘን እንሰበሰባለን፤ ግማሻችን እንሠራለን፣ ግማሻችን እናወራለን፣ ሁላችንም የክር ዋጋ የት ሊደርስ ነው እያልን እንማረራለን። ሹፌሩ ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ይኼም ባልከፋ። ግን ሊቀመንበሯ ማን ሆነችና? አክስቴ፣ የገዛ ታናሽ እህቱ። ያለ እሷ ፈቃድ በዚያ ክለብ ዝንብ አይገባም። ስለዚህ ወንድሟን ልታስወጣው ነው ማለት ነው፤ ለዚያውም ለደህንነት ብላ፣ እሱ ፈንጂ ይመስል። ደሜ ፈላ። የሴትዮዋን ቢጎዲን ስፈታ ትንሽ ጎተት ጎተት ሳላደርግ አልቀረሁም።

ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ከእናት ከአባታቸው የወረሱትን ቤት መሐል ለመሐል በአንድ ስስ ግድግዳ ከፍለውት፣ እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ። አልተጣሉም፤ ግን ይነጋገራሉ ማለትም ይከብዳል። እሷ ለእሱ የምትለው ካላት ለእኔ ትነግረኛለች፣ እሱም መልሱን በእኔ ይልካል። ለአጎትሽ ንገሪው ውሃ ሊጠፋ ነው፤ ለአክስትሽ ንገሪያት ቀድቼላታለሁ። በሁለት በር መሐል እንደ ፖስተኛ ስመላለስ እውላለሁ፤ በሮቹ ደግሞ ጎን ለጎን ናቸው፣ አንዳቸው ጮክ ብለው ቢናገሩ ሌላው ይሰማል። እንደዚህ ሆነው የኖሩት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሳሎኑን ዘግቼ ወደ አጎቴ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ኪሮሽ ያልለበሰ ዕቃ የለም። ሬዲዮው ኮፍያ አለው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ጉርድ ቀሚስ ታጥቋል፣ የበሩ እጀታ እንኳ ካልሲ አጥልቋል። ሥራውን የለመደው በጭነት መኪናው ነው፤ ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ፣ ሌሎቹ ሹፌሮች ካርታ ሲጫወቱ፣ እሱ ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ክር ይቋጥር ነበር። ከዚያ ኑሮ የተረፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ኪሮሹና ሳሉ። የአቧራና የናፍጣ ጭስ ሳል ነው፣ ደረቅ፣ እንደማይነሳ ሞተር ሁለት ሦስቴ አንገራግሮ የሚቆም። ሐኪሙ ወደ ሰው አይጋባም ብሎታል። የሳሳው ይልቅ ደረቱ ነው፤ ባለፈው ክረምት ጉንፋን ይዞት ሳንባው ድረስ ወርዶ ሆስፒታል አስተኝቶታል። ከተነሳ ወዲህ ግን ማንም ነገሩን እንዲያነሳበት አይፈልግም። ጎማ ተነፈሰ፣ ተነፋ፣ አበቃ ነው የሚለው።

ስደርስ ጢሙን ተላጭቶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ኪሮሹን እንደ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ጠበቀኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከሬዲዮውና ከእኔ በቀር የሚያነጋግረው የለም፤ ክለቡ ውስጥ ግን ይቀልዳል፣ ይሰደባል፣ ክር ያስተካክላል፣ ስለ መንገድ ያወራል። ቅዳሜ ባትኖር ሳምንቱ ለእሱ ሰባት ማክሰኞ ነው። የሰማሁት ነገር ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ፤ እንዴት ብዬ ልንገረው? ምነው ፊትሽ ሲለኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩት። መንገድ ላይ የሚያወራው ሁሉ ስለ ብርድ ልብሱ ነበር፤ ዛሬ ጠርዙን እንደሚጨርሰው፣ የመጨረሻዋን ቋጠሮ ለማንም እንደማይሰጥ፣ ከዚህ በኋላ ለክለቡ ወንበሮች ትራስ መጀመር እንዳለብን። እኔ እህ፣ እህ እያልኩ እግሬን እጎትት ነበር።

የምንሰበሰበው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው። ቅዳሜ ልጆቹ ስለማይኖሩ ርዕሰ መምህርቷ አንዱን ክፍል ትለቅልናለች፤ በምትኩ ልጆቹ ከምሳ በኋላ የሚተኙበት አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ ልንሠራላት፣ ሰኞ ልናስረክባት ቃል ገብተናል። ወንበሮቹ የአራት ዓመት ልጅ ልክ ናቸው። ስንቀመጥ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ይደርሳል፤ ዳቦ ጋጋሪዋማ ስትነሳ ወንበሩም አብሯት ይነሳል። መስኮቶቹም ለልጅ ዓይን ተብለው ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ግን አይከፈቱም። አክስቴ አንገቷን ብርድ ይመታታል። መስኮት በጣት ስፋት ከተከፈተ ሦስት ቀን አንገቴ አይዞርልኝም ትላለች፤ እውነትም ይሁን አይሁን ማንም ሞክሮት አያውቅም። ሰሞኑን ጉንፋን ከተማውን ሲያዳርስ ደግሞ ጭራሽ የመስኮቶቹን ጠርዝ በፕላስተር አሸገችው፤ ጉንፋን የሚያመጣው ብርድ ነው ብላ። ያን ያህል ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ታሽጎ እርስ በርሱ ትንፋሽ ሲቀባበል ሲውል ማንም ትንፍሽ አላለም።

በሩ ላይ ማስመሪያ ወረቀት ይዘው ቆመዋል። አክስቴ ከኋላቸው ጀርባዋን ሰጥታን ክር ትጠቀልላለች። መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ሳል መሰለብኝ ብለው ነው መሰለኝ ደንገጥ አሉ። አነበቡ። በቤት ውስጥ ስብሰባ ወቅት የአባላትን ደህንነት ስለመጠበቅ። አንድ፣ መስኮት አይከፈትም። ሁለት፣ የሚያስል ሰው አይገባም። ሦስት፣ ከሚያስል ሰው ጋር የተቀመጠም በዕለቱ አይገባም። እዚህ ላይ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ አብሬው በእግሬ መጣሁ እንጂ የትም አልተቀመጥኩም አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ መራመድ መቀመጥ አይደለም ብለው አሳለፉኝ። ሂሳብ ያስተማረ ሰው እንዲህ ነው።

አጎቴ አልተከራከረም። ከመምህር ትከሻ በላይ የእህቱን ጀርባ ትንሽ አየና፣ ደንቡን ያወጣው ማን እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። መምህር ወለሉን እያዩ ሊቀመንበሯ ናቸው አሉ። የክሩ ኳስ ከአክስቴ እጅ ወድቆ ተንከባለለ፤ አላነሳችውም፣ አልዞረችምም። አጎቴ «ይሁን» ብሎ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው የሚያሳያት ናት፣ መንጃ ፈቃዱን እያወጣ ሌላ መንገድ የሚያሰላባት። ኮሪደሩ ላይ ከተደረደሩት ወንበሮች አንዷን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ግቢው ወጣ። አብሬው ልወጣ ነበር፤ እሱ ነው በእጁ ምልክት ወደ ውስጥ ግቢ ያለኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ዓይኑን ክሩ ላይ ተክሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወሬው የት ይቆም ነበር። አክስቴን እንዲህ ይደረጋል ወይ እንዳልላት በሰው ፊት ነው፤ ዝም እንዳልል ሆዴ አልችል አለ። አጠገቧ ተቀምጬ ቀስ ብዬ፣ ለአጎቴ የምነግረው ነገር አለ ወይ አልኳት። ወደ ቤቱ ይግባና ይተኛ በይው አለችኝ። ድምፅዋ የሊቀመንበር ነበር፤ እጇ ግን ክሩን በማይሆን በኩል ሲስበው አይቻለሁ። በዚህ መሐል ዳቦ ጋጋሪዋ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች። ማስመሪያን አየኋቸው። ወረቀታቸውን አገላብጠው፣ ማስነጠስ በደንቡ እንደሌለ አስታወቁ። የሴትዮዋ አፍንጫ እንደ ቲማቲም ቀልቷል፣ ዓይኗ ያነባል፣ መሐረቧ ርሶ ሌላ ተበድራለች፤ ግን አላሳለችም፣ ስለዚህ ደህና ናት።

ብርድ ልብሱ አልቆ የቀረው ጠርዙ ብቻ ነው፤ ከአራቱ ጎን ሁለቱ። ጠርዙን የጀመረው አጎቴ ነው፤ አጎቴ ደግሞ ግራኝ ነው። ኪሮሽ ላይ ይኼ ቀልድ አይደለም። እኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስንሄድ እሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይመጣል፤ ቋጠሮው ሁሉ ወደ ሌላ ጎን ያጋድላል። ዳቦ ጋጋሪዋ እሱ ካቆመበት ልቀጥል ብላ አንድ ክንድ ያህል ሠራች። ዘርግተን ስናየው የጠርዙ ግማሽ ፊቱን፣ ግማሹ ጀርባውን ይዞ ቁጭ አለ። ተተረተረ። እኔ ሞከርኩ፤ ተተረተረ። መምህር በሂሳብ ሊፈቱት ፈለጉ፣ ልብሱን ብንገለብጠውስ አሉ፤ ተገለበጠ፣ የባሰ ሆነ፣ ተተረተረ። የአጎቴን ሥራ አፍርሶ በቀኝ እጅ እንደገና መጀመርም አለ፤ ግን ሰኞ ማን ይደርሳል? ሁሉም አክስቴን አያት። አክስቴ ጣሪያውን አየች።

ያኔ መስኮቱ ተንኳኳ። አጎቴ ነው፤ ትንሿ ወንበር ላይ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ የኮቱን ኮሌታ ሰቅሎ። ግራ እጁን ብቻ አንስቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈና እየዘረጋ አሳየን። አይ አጎቴ! ይኼን ሁሉ ጊዜ እዚያ ቁጭ ብሎ ስንተረትር ያየን ነበር። አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ስትስቅ አስነጠሰች። መምህር ደንቡን እንደገና አነበቡት። የሚያስል ሰው አይገባም ይላል እንጂ ብርድ ልብስ አይወጣም አይልም። መስኮት አይከፈትም የሚለውስ ስንላቸው ላብ በላብ ሆኑ፤ በመጨረሻ መስኮቱ የሚከፈተው ለነፋስ ሳይሆን ለሥራ ስለሆነ ይታለፋል አሉ። አክስቴ ሻርፗን አንገቷ ላይ ሦስት ዙር ጠምጥማ፣ ጠበብ አድርጋችሁ ክፈቱት አለች። ፕላስተሩን የላጥኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ ትዝ አይለኝም።

የብርድ ልብሱ ግማሽ በመስኮቱ ወጣ፣ ግማሹ ውስጥ ቀረ። አጎቴ በውጭ ጠርዙን ይቋጥራል፣ እኛ በውስጥ እየሰበሰብን እናቀብለዋለን። ያን የሚያህል ልብስ በጠባብ መስኮት አያልፍምና ጠባቡ መስኮት እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄደ። ንፁህ አየር ሲገባ ለካ ሁላችንንም ራሳችንን ያመን ነበር፤ አንዷ አፍ አውጥታ እሰይ አለች፣ አክስቴ ስታያት ግን ክሩን ነው ያልኩት አለች። ወሬው ተመለሰ። አጎቴም በመስኮቱ በኩል መንገድ ላይ ስለገጠመው ነገር መቀለድ ጀመረ። ሳሉ ሲመጣበት ግን ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ያስላል፤ ከዚያ እንዳጠፋ ሰው ጎንበስ ብሎ ፈጠን ፈጠን እያለ ይሠራል። ይኼ አንጀቴን በላው። የገዛ ክለቡ ደጃፍ ላይ፣ በብርድ፣ በልጅ ወንበር ተቀምጦ የክለቡን ሥራ ይሠራል፣ እህቱ ደግሞ ከመስኮቱ ርቃ አንዴ እንኳ ቀና ብላ አታየውም። እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ተራው ደርሶ ዳቦ ጋጋሪዋ መስኮቱ ጋ መጣች። ልብሱን ልታቀብለው ጎንበስ እንዳለች አፏ ተከፈተ፣ ዓይኗ ተጨፈነ፣ ደረቷ ተነፋ። መምጣቱን ሁላችንም አየን። አክስቴ ከወንበሯ እንዴት እንደተነሳች ግን ማንም አላየም። ክፍሉን በአንድ ትንፋሽ አቋርጣ ሴትዮዋን በሁለት ትከሻዋ ያዘችና ወደ ውስጥ፣ ወደ እኛ አዞረቻት።

«ወደ እሱ አይሆንም!» አለች።

ማስነጠሱ መምህር ላይ አረፈ፣ ከነደንባቸው።

አጎቴ ኪሮሹን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ሁላችንም እኩል የገባን ይመስለኛል፤ ደንቡ የወጣው እኛን ከእሱ ለመጠበቅ አልነበረም፣ እሱን ከእኛ ለመጠበቅ ነበር። ጠዋት ካስኩ ሥር የሰማሁት፣ ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰልበት የዋልኩት፣ አክስቴን በልቤ ያልኳት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝና አፈርኩ። እሷም ፊቷ በርበሬ መስሏል። ማንንም ሳታይ ከስሯ ያለውን ወንበር አነሳችና ወደ በሩ አመራች። መምህር መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር፤ ቢሆንም ግዴታቸውን አልረሱም።

«ሊቀመንበር፣ ሦስተኛው አንቀጽ...»

«ከሚያስል ሰው ጋር የተቀመጠ አይገባም ነው የሚለው። እኔው ነኝ ያወጣሁት» አለች። «አልገባም።»

በሩን ከኋላዋ ሳበችው። እኛ ሥራችንን ቀጠልን፤ ማለቴ እጃችን ሥራ ላይ፣ ጆሯችን መስኮቱ ላይ ሆነ። ሁለቱ ጉልበታቸውን አገጫቸው ጋ አድርሰው ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ብርድ ልብሱን እኩል እግራቸው ላይ ጣል አድርገው። ነፋሱ የአክስቴን ሻርፕ ጫፍ ያነሳዋል፤ እሷ ትመልሰዋለች፣ ያነሳዋል። እንደ ልማዴ መልእክት ካለ ልቀበል ብዬ በመስኮቱ አንገቴን አወጣሁ፤ ሁለቱም እኩል ገላመጡኝ፣ አንገቴን መለስኩ።

«ለምን በቀጥታ አልነገርሽኝም?» አላት በመጨረሻ።

«ደረትህ ደካማ ነው ብልህ ከሁሉም ቀድመህ ነበር የምትመጣው። ከተቀየምከኝ ግን ቤትህ ትቀመጣለህ ብዬ ነው።»

«አልተቀመጥኩም።»

«አልተቀመጥክም» አለች እየተማረረች።

አጎቴ ጥቂት ቋጠሮ ሠራ። ቀጥሎ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ስለነበር እኛ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ክር መሳብ አቆምን። እሱ ሳሉ ያስጠላት መስሎት እንደነበር ነገራት። ግድግዳው ስስ ነው፣ እንቅልፍ ነሣኋት እያለ፣ ሌሊት ሳሉ ሲመጣበት ትራሱን አፉ ላይ አፍኖ ነው የሚያስለው፤ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ነው የሚያድረው።

አክስቴ ዞር ብላ አየችው። ብርድ ይመታዋል የምትለው አንገቷ ምንም አልሆነም፣ ዞረ።

«ለካ ለዚህ ነው» አለች። «እኔ ሌሊት የምነሳው ሳልህ ሲጠፋብኝ ነው። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እስክታስል እቆማለሁ። አንዳንድ ቀን ቆሜ ይነጋል።»

አጎቴ ቋጠሮ ሳተ፣ ተረተረ፣ እንደገና ቋጠረ፣ እንደገና ሳተ። እሱ ቋጠሮ ሲስት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ኪሮሹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቀና አለና አሳለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ሳል ነውና አውቀዋለሁ፤ ያኛው የውሸት ነበር። ፊቱንም ወደ ግቢው አላዞረም።

አክስቴ ሻርፗን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች።

«ትንሽ ጮክ አድርገህ» አለችው።